ባለቤቱን ያልያዘ ግሥ

አዲስ የተመደበች የእንግሊዝኛ መምህርት የዘጠነኛ ክፍል ደብተሮች ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ ይህን ስሕተት በምን ልንቀለው?» አለችኝ። አንዱ ተማሪ «ዎኪንግ ቱ መራዊ፣ ሬይን ቢጋን» ብሎ ጽፏል። እሷ የሠለጠነችው ክፍል ውስጥ አማርኛ እንዳይነገር ነው። እኔ ግን ስሕተቱ የበቀለው ከአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ካላስረዱት አይነቀልም ባይ ነኝ።

ልጁ በልቡ ያለው «ወደ መራዊ እየሄድን ዝናብ ጀመረ» ነው። የጠራ አማርኛ ነው፤ «እየሄድን» መጨረሻው ላይ ባለችው «ን» ባለቤቱን ይዞ ይዞራል። ቦዝ አንቀጹም እንዲሁ ነው፦ በልቼ፣ በልተሽ፣ በልቶ። «ዎኪንግ» ግን የራሱ ባለቤት የለውም፤ ከዐቢይ አንቀጹ ይዋሳል። ስለዚህ በልጁ ዓረፍተ ነገር ወደ መራዊ የሚሄደው ዝናቡ ሆነ። ጊዜውም ሌላ ወጥመድ አለው። «ምሳውን በልቶ ፍኖተ ሰላም ሄደ» ለማለት «ኢቲንግ» የሚል ተማሪ ሰውየውን መንገድ ላይ እያበላው ነው፤ ያለቀውን «ሀቪንግ ኢትን» ይይዘዋል።

«ማይ ፍሬንድ ሁ አይ ሜት ሂም» የሚሉትንም ሰነፎች አትበሉብኝ። «ያገኘሁት ጓደኛዬ» ሲባል «ት» ጓደኛውን ታመለክታለች፤ ልጆቹ ያችን «ት» በታማኝነት «ሂም» ብለው ተረጎሟት። «ሁ» ቦታውን አስቀድሞ እንደያዘባት ቀይ እስክሪብቶ አያስረዳም። ዘጠነኛ ክፍል ደግሞ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው።

«ሁ»ን ለእኔ ያስረዱኝ አባቴ ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የዋሸራን ቅኔ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አስተማሪያችን «ሁ» ማለት «ማን» ነው ብሎን፣ ማታ ኩራዝ ሥር «ሰውየው ማን መጣ» እያልኩ ስደነባበር ሰሙኝ።

«ቃሉ የት ይቆማል?»

«ከስሙ ኋላ፣ ከግሡ ፊት።»

«እንዲያ ከሆነማ የግእዙ ‹ዘ› ነዋ! ብእሲ ዘመጽአ።»

ለሴት «እንተ»፣ ለብዙ «እለ» እንደሚባል ነግረው የእንግሊዝኛውን ጠየቁኝ። ለሁሉም «ሁ» ነው ስላቸው ዝም ብለው አሰቡና «ታዲያ ማን እንደመጣ በምን ይለያሉ?» አሉ። ያን ሌሊት እሳቸው በግእዝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ዶሮ እስኪጮህ ዓረፍተ ነገር ስንለዋወጥ አነጋን። ከዚያ በፊት ከአባቴ ጋር ያን ያህል ተነጋግረን አናውቅም።

ካረፉ ቆይተዋል። ሰሌዳ ላይ «ሁ»ን ስጽፍ አሁንም «ዘ»ን አስቀድማለሁ። መምህርቷ «ቄስ ትምህርት ቤት ያልገቡትስ?» አለችኝ። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መጥታ ከኋላ እንድትቀመጥ ነገርኳት።