የፕሮግራም ትርጓሜ ዋጋና ከፋዩ

ዶናልድ ክኑት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ፕሮግራም መጻፍ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መደርደር ብቻ ሳይሆን የትእዛዙን ምክንያት ለሰው ማስረዳት ጭምር መሆኑን አስተማረ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ አሳብ በጎንደር ሚዛን ለመመዘን እሞክራለሁ።

አሳቡ እውነት ለመሆኑ የራሱ መጽሐፍ ምስክር ነው። በ1968 የወጣው የመጀመሪያው ቅጽ ምሳሌዎቹን የሚሰጠው ሚክስ በተባለ፥ ደራሲው ራሱ በፈጠረው የአሳብ መኪና ቋንቋ ነበር። ሚክስ አርጅቶ ደራሲው በሌላ ተካው፤ ማብራሪያው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለዚህ ትርጓሜው ከትእዛዙ ይልቅ ዕድሜ አለው ለማለት እደፍራለሁ።

ነገር ግን ክኑት ያላነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ማስረዳቱ በማን ቋንቋ ይሁን የሚለው ነው። የዳባት ወይም የደባርቅ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፥ ማብራሪያው ራሱ ሌላ ማብራሪያ ይሻበታል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ «ቫሪያብል» የሚለውን ቃል በቃሌ ይዤ ነበር፤ ነገሩ ስሙ ሳይለወጥ በውስጡ ያለው እንደሚለዋወጥ ማድጋ መሆኑ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

የጎንደር የትርጓሜ መምህራን ይህን የመሰለ ችግር ቀድመው አግኝተውታል። ንባቡን በግእዝ እንዳለ ትተው ምስጢሩን በአማርኛ አብራሩ፤ ለአንድ ቃል ብዙ ፍች ሲኖረውም «አንድም» እያሉ ዘረዘሩ። እኛም ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ትተን ትርጓሜውን በአማርኛ ብንጽፍ የሚከለክለን የለም። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ገብቷል።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። አንድ ጸሐፊ ግልጽ ማብራሪያ ለማዘጋጀት 50 ሰዓት ቢደክምና 100 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት ቢተርፋቸው፥ ትርፉ 1,000 ሰዓት ነው እንበል። ይህ ትርፍ በመቶ ሰው ዘንድ ስለተበተነ ጸሐፊው ሊሰበስበው አይችልም፤ ጽሑፉም ያለ ወጪ ስለሚገለበጥ በሽያጭ ብቻ አይኖርም። ክኑትም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ደመወዝ እየበላ ነው የጻፈው። ቀድሞ የአብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት ከሚተዳደሩባቸው ነገሮች አንዱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው መሬት ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ለትርጓሜ የከፈለው ገበያ ሳይሆን ተቋም ነው።

«ፕሮግራም የሚማር እንግሊዝኛ መማሩ አይቀርም፤ ታዲያ ድካሙ ለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፥ መማሩ አይቀርም። ግን የግእዝ ተማሪም ግእዝ ይማር ነበር፤ ሆኖም መምህራኑ ትርጓሜውን በአማርኛ መስጠት አልተዉም። ቋንቋውን እስኪያውቅ ድረስ አሳቡን የሚከለከል ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ፥ የትምህርት ክፍሎች በአማርኛ በሚገባ የተጻፈ የፕሮግራም ትርጓሜን ለመመረቂያ እንደሚሆን ሥራ አድርገው ቢቆጥሩት ተገቢ ነው። በብር የማይከፈል ድካም ቢያንስ በማዕረግ ይከፈል፤ ይህም ከቀረ ጸሐፊው ዝም ይላል፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው የዳባት ልጅም ቃሉን ብቻ በቃሉ ይዞ ይቀራል።