ጭስ አንባቢዎቹ

ጉለሌ ውስጥ ሞተሯ ወርዶ የተጠገነ አሮጌ የስፖርት መኪና ስትነሳ፣ ጎበዝ መካኒክ ኮፋኖውን ትቶ ወደ ማርሚታው ይዞራል። የማደንቀው ይህን ዙረቱን ነው።

በማለዳ ብርድ ነጭ ጭስ ቢያይ አይደነግጥም፤ ያደረ እርጥበት ስለሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል። (አንቱፍሪዝ ቢኖርበት ሽታው ይጣፍጥ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ለምንሞላው ግን አፍንጫ ብዙም አይረዳንም።) ጥቁሩ ቤንዚን መብዛቱን ይነግረዋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ያጨሳል።

ጥበቡ የሚለየው በሰማያዊው ነው፤ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነውና። ማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት ነድዶ እስኪያልቅ፣ አዲሱ ፋሻም ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ቢጨስ ያለ ነው። በዚህ ሰዓት ሞተሩን እንደገና የሚፈታ ችኩል አላምንም። ከቀጠለ ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ይነዳታል። ሽቅብ ስትጎትት ሳታቋርጥ ካጨሰች ፋሻውን ይጠረጥራል። በማርሽ ተይዛ ቁልቁል ወርዳ፣ ታች ነዳጅ ሲረገጥ ቡፍ ካለች ደግሞ የባልቦላውን ጎማ፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ በባልቦላው ዘንግ ዙሪያ ዘይት ይስባልና።

የኮምፕሬሽን መለኪያው ከሳጥኑ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።