በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃና የባለካፒታሎች ተስፋ

ደንበኛው የመረጠውን ሥዕል ወይም ጽሑፍ በካናቴራ፣ በኩባያና በቆብ ላይ እያተሙ በኢንተርኔት የሚሸጡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከባለካፒታሎች ተቀብለዋል። ባለካፒታሎቹ ምን ተስፋ አድርገው ነው ቢባል፣ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ዕቃ ሳያከማቹ ይሸጣሉና» የሚል ነው። በመካከላችን ድርጅት ለማቋቋም የሚያስቡ ተማሪዎች ካፒታል መቀበልን ራሱን እንደ ስኬት ስለሚቈጥሩት፣ ይህን መልስ መመርመር ይገባናል።

የመርካቶ ልብስ ሰፊ ቀብድ ሳይቀበል ጨርቅ አይቈርጥም። የኢንተርኔቱ አታሚ ደግሞ ከእርሱ ይልቅ የታደለ ነው፤ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ይቀበላልና። ታዲያ ሳይሠራ ገንዘቡን የሚያገኝ ንግድ የሌላ ሰው ሚሊዮን ስለ ምን ያስፈልገዋል?

ካፌፕሬስን እንመልከት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 በካሊፎርኒያ ተቋቋመ፤ ሴኮያ ካፒታልም ገንዘብ ካፈሰሱበት አንዱ ነው። በ2012 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 19 ዶላር ነበር። በ2018 ስናፕፊሽ ሲገዛው ለአንድ አክሲዮን የተከፈለው 1 ዶላር ከ48 ሳንቲም ብቻ ሆነ።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ ይመስለኛል። ባለካፒታል ከብዙ ድርጅቶች የአንዱ ትርፍ የሌሎቹን ኪሳራ እንዲሸፍንለት ስለሚሻ፣ እያንዳንዱን በፍጥነት እንዲያድግ ይገፋዋል። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ይህ ይስማማ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሚሊዮን ጊዜ ቢገለበጥ ወጪው ኢምንት ነው። ካናቴራ ግን እንዲህ አይደለም። ለየሰው ተለይቶ የሚታተም ስለሆነ ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ የሠራተኛው እጅና የፖስታው ዋጋ ለእያንዳንዱ እንደገና ይከፈላል። ማተሚያውንም ማንም ሊገዛው ይችላል፤ አማዞን እንኳ በ2015 በዚሁ ሥራ ገብቷል። ስለዚህ ፈጥኖ ለማደግ የቀረው መንገድ ገዢን በማስታወቂያ መሳብ ነው፤ ተወዳዳሪ በበዛ ቍጥር ደግሞ የማስታወቂያው ዋጋ ይወደዳል።

የዕድገት ጥማት በማን ላይ እንደሚያርፍም መታየት አለበት። ካፌፕሬስ ቀድሞ የሥዕሉ ባለቤት ትርፉን ራሱ እንዲወስን ይፈቅድ ነበር። በ2009 ግን በኩባንያው የጋራ ገበያ ለሚሸጠው ዕቃ የባለሥዕሉ ድርሻ ከመሸጫው ዋጋ 10 በመቶ እንዲሆን ተደረገ። ሥዕሉ ባይኖር ነጭ ካናቴራውን ማን ይገዛው ነበር?

በ2011 የተጀመረው ቲስፕሪንግ የበለጠ ብልህ ነበር። የተወሰነ ቍጥር ያለው ገዢ ካልተገኘ ሥዕሉ አይታተምም ነበር፤ ከማንም ገንዘብ አይወሰድም ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሥራ በ2014 ብቻ ከአንድሪሰን ሆሮዊትዝ 20 ሚሊዮን፣ በኮስላ ቬንቸርስ መሪነት ደግሞ 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። በ2021 ስሙን ለውጦ ስፕሪንግ ተባለ፤ በ2022 ለአሜዝ ተላለፈ።

ካፒታል ሁሉ ጎጂ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ነገሩ የጊዜ ነው። በ2013 በላትቪያ የተመሠረተው ፕሪንትፉል እስከ 2021 ድረስ የውጭ ባለካፒታል ሳያስገባ አደገ። በዚያ ዓመት 130 ሚሊዮን ዶላር ሲቀበል፣ ማተሚያዎቹ ተተክለው ገዢዎቹም ታውቀው ነበር፤ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይም የቀረበው በንግዱ የታየ ሒሳብ ነበር።