ክፉኛ የተገረዘ ቲማቲም

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ ማሳው ክፉኛ በተገረዘ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ተክሉ መልኩን ይለውጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ይጠቀለላሉ፤ ሲጨብጧቸው እንደ ቆዳ ወፍረው ይንኮሻኮሻሉ። ግንዱ ይደነድናል። ፍሬ መቋጠር የነበረበት የአበባ ዘለላ ከጫፉ ቅጠል ያወጣል፣ አንዳንዴም ራሱን የቻለ ቀንበጥ ሆኖ ያድጋል። ብዙው ገበሬ በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። በእኔ እምነት ግን ገንዘቡን የሚያባክነው በከንቱ ነው። የተቆረጠው ከላይ ነው፤ ሥሩ እንዳለ አለ። ትልቅ ተክል ይመግብ የነበረ ሥር ውኃውንና ናይትሮጅኑን ለቀሩት ጥቂት ቀንበጦች ይገፋል፤ በላዩ ላይ ዩሪያ ከተጨመረበት ደግሞ ተክሉ ፍሬውን ትቶ ወደ ቅጠል ይሮጣል።

«ቫይረስስ ቢሆን?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ያለው ከተክሉ ጫፍ ነው። ነጭ ዝንብ የምታስተላልፈው ቅጠል የሚጠቀልል ቫይረስ የሚታየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ዳሩ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉም ይቀጭጫል። ገረዛ የጎዳው ግን የሚጠቀለልበት የቆየው ቅጠል ነው፤ አረንጓዴነቱን አይለቅም፣ ጫፉም ማደጉን አያቆምም። በእኛ አገር ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ፦ ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ። በደንብ ሳይታጠብ ቲማቲም ላይ የዋለ መርጫ አዲሱን ቅጠል እንደ ክር አቅጥኖ ይጠመዝዘዋል። ይህን ከገረዛ ጋር ማምታታት አያስፈልግም።

ገረዛ አየር ያስገባል፣ ምችንም ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን መልካ ሳልሳ፣ መልካ ሾላና ሮማ ቪኤፍ አጫጭር ዝርያዎች ናቸው፤ ፍሬያቸውን የሚሸከሙት ቅርንጫፎቻቸው ስለሆኑ ቅርንጫፍ የቆረጠ ፍሬ ቆረጠ ማለት ነው። ጥላ ያጣውንም ፍሬ የበጋ ፀሐይ ነጭ አድርጎ ይጠብሰዋል። ለእነዚህ አፈር የሚነካውን የታች ቅጠል ማንሳት ይበቃል። በእንጨት የሚደገፈው ረጅሙ ዝርያ ገረዛ ይፈልጋል፤ እሱም ቢሆን በቅጠሉ ብብት የሚወጣው ቀንበጥ ከጣት ሳይረዝም፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ጥቂት በጥቂት ይነቀላል። አንዴ ክፉኛ የተገረዘውን ማሳ ግን ዩሪያ ከልክሎ፣ ውኃውን ሳያቋርጡና ሳያጥለቀልቁ በልክ እየሰጡ መተው ነው፤ በዘለላው ጫፍ የወጣውን ቀንበጥ ብቻ በጥፍር መቁረጥ። የተጠቀለለው ቅጠል ላይዘረጋ ይችላል፤ ፍሬውን መመገቡን ግን አይተውም።