ስለ ሹምና ስለ ባል ጠባይ፦ የመጽሐፈ ተግሣጽ ፍጻሜ በጨርጨር አገር ሲነበብ

በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ የክርስቲያን ሠርግ በሚደገስበት ጊዜ፥ መካሪዎች ስለ ልባም ሴት የተጻፈውን ምስጋና ደጋግመው ያነሣሉ፤ ነገር ግን ምዕራፉ ከዐሥረኛው ቍጥር የሚጀምር ይመስል፥ በፊቱ ያሉት ዘጠኙ ቍጥሮች ሲታለፉ መኖራቸው በንባባችን ላይ የደረሰ ከባድ ጕድለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት አቈጣጠር ከምሳሌ ተለይቶ መጽሐፈ ተግሣጽ በሚባለው ክፍል ፍጻሜ ላይ የሚገኘው ይህ ምዕራፍ፥ አስቀድሞ የልሙኤል እናት ንጉሥ ልጅዋን ጕልበቱን ለሴቶች እንዳይሰጥ፥ በወይን ጠጅም ፍርድ እንዳያጣምም፥ ስለ ድኻውም አፉን እንዲከፍት የገሠጸችውን ካኖረ በኋላ ነው ወደ ሚስቲቱ ምስጋና የሚሻገረው። እንግዲህ ባል ራሱን ሳይገዛ ትሩፋትን ከሚስቱ ብቻ የሚጠብቅበት ንባብ፥ የምዕራፉን መጀመሪያ የጣለ ንባብ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው በፊተኛው መልእክቱ፥ ለኤጲስ ቆጶስነት የሚታጨውን ሰው ትውልዱንና ሀብቱን ሳይሆን፥ የአንዲት ሚስት ባል መሆኑንና ቤቱን በመልካም ማስተዳደሩን ይመረምራል፤ ፍትሐ ነገሥትም አንቀጽ 24ን ለጋብቻ፥ አንቀጽ 44ን ለነገሥታት መድቦ ሁለቱን በአንድ ጥራዝ ይዟል። በጥበቡ ወደር ያልነበረው ሰሎሞን እንኳ፥ ኦሪት ዘዳግም ንጉሥ ሚስቶችን እንዳያበዛ የከለከለውን ተላልፎ ልቡ በዘነበለ ጊዜ፥ መንግሥቱ በልጁ ዘመን ተከፈለች፤ የነገሥታቱን ሐረግ ከእርሱ ስትቈጥር ለኖረች አገር ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ከወዴት ይገኛል?

ወደ ጨርጨር ስንመለስ፥ በሩስያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዢ ሆነው ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቈርቍረው፥ ግዛቲቱ ለሌሎች አርአያ እንድትሆን ደክመዋል፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውንም የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ ሆኖም የተጻፈ ሕግ የሹመትን ወሰን ይደነግጋል እንጂ የሚሾመውን ሰው ጠባይ ሊፈጥር አይችልምና፥ የሐዋርያው ምርመራ ዛሬም ሥፍራው ባዶ ነው።

የሹም ጠባይ በትዳሩ ይመረመራል የሚለው ሐሳብ እስልምናን ለሚከተለው ለአብዛኛው የአገሩ ሕዝብም እንግዳ አይደለም፤ የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ በኖረበት በኦዳ ቡልቱም፥ በገዳ ሥርዓት ለመሪነት የሚደርስ ሰው አስቀድሞ ትዳር የያዘ ሊሆን ይገባዋል።

የልሙኤል እናት ስለ መጠጥ የተናገረችውም በዚህ አገር ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል። ጫት የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ መሆኑን አልዘነጋም፤ ነገር ግን ባለጕዳይ ደጅ እየጠና ሹሙ፥ ሚስት ስለ ልጆቿ ቀለብ እየተጨነቀች ባል ከቀትር እስከ ማታ በበርጫ ላይ የሚውሉ ከሆነ፥ የድኻው ፍርድም የቤቱም ሰላም በአንድነት ይረሳል። ስለዚህ ሙሽሮችን ለተክሊል የሚያዘጋጅ የንስሐ አባት፥ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቍጥር አንሥቶ፥ ፊቱንም ወደ ሙሽራው መልሶ ሊያነብ ይገባዋል።