የለበሰ ተራራ፣ የጠፋ ሰው

እ.ኤ.አ. በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች በፎቶግራፍ አስቀርቶ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ቤልጅጋዊ ተመራማሪ ያን ኒሰን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 13ቱን ከዚያው ሥፍራ እንደገና አነሣ። ምስሎቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው መገረሙ አይቀርም። የጥንቱ ተራራ ራቁቱን ነው፤ የኋለኛው ለብሷል።

የሥራው ትልቁ ውለታ ገበሬውን ከክስ ማዳኑ ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን አርባ በመቶ ደን ነበር፤ የገበሬው መጥረቢያ ጨረሰው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! እነዚህ ተራሮች ግን ያኔም የተራቆቱ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የሚያሳየውን ያህል ይደብቃል። ተራራውን ያለበሱት ባሕር ዛፍ፣ እርከንና ከከብት የተከለለ መሬት ናቸው። እርከኑ ገበሬው በየዓመቱ ያለ ክፍያ ያፈሰሰው ጉልበት ነው። የተከለለውም መሬት ትናንት የአንድ ሰው ግጦሽ ነበር። ፍየሎቹን ይዞ የተመለሰው እረኛ፣ «ሣሩን ማን ይጨድ?» ብሎ የተሟገተው ጎረቤት፣ መሬት ሳይደርሰው የጎለመሰው ወጣት በምስሉ ውስጥ የሉም።

ከ2020 እስከ 2022 በዘለቀው ጦርነት መብራትና ነዳጅ ሲቋረጥ፣ የመቀሌ ምድጃ በእንጨትና በከሰል ነደደ። ያኔም መጥረቢያውን ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ የድሮውን ክስ ይመልሰው ነበር።

ሦስተኛው ምስል በተነሣ ጊዜ፣ ከሥሩ የዛፉ ብቻ ሳይሆን የከፈለውም የተከለከለውም ሰው ታሪክ ይጻፍ።