ድንጋዩን የሚያድነው ኖራ

ያረጀ የድንጋይ ድልድይ ሊጠገን ሲታሰብ ሁሉም የሚጠይቀው «ጠንካራ አድርጉት» ብሎ ነው፤ በጀት የሚፈቅደው ሹምም፣ በላዩ ገበያ የሚሻገረው ሰውም። ሙያው ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው፤ ጥገናው ከድንጋዩ መላላት አለበት።

የቅስት ድንጋዮች እርስ በርስ ተጫጭነው ሸክሙን ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች ይገፋሉ። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ደግሞ በጥቂቱ ይነቃነቃሉ። የጎንደርን ግንቦች ያቆመው ኖራ ይህን መነቃነቅ ይችለዋል፤ ድንጋዩ የጠጣውን ውሃም ያስወጣል። ሲሚንቶ ሁለቱንም እምቢ ይላል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው ጨው ይዞ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፤ ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ውስጡ እንዳለ በረዶ ይሆናል። ድንጋዩ ይላጣል። ከጊዜ በኋላ ሲሚንቶው ገጥጦ፣ ድንጋዩ ተበልቶ ይገኛል። ያለቀ ኖራ ተፍቆ ይተካል፤ የተበላ ድንጋይ ግን አይመለስም።

ለስላሳ ነገር ድንጋይን እንደሚያድን በኦቶማን ዘመን የሠሩ ግንበኞች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ ሞስታር ከተማ፣ ሚማር ሃይሩዲን እ.ኤ.አ. በ1566 ያጠናቀቀው ድልድይ የኔሬትቫን ወንዝ በአንድ ቅስት ብቻ፣ 29 ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይሻገራል። ድንጋዮቹ በብረት ማያያዣ ተያይዘው በብረቱ ዙሪያ ቅልጥ እርሳስ ፈስሶበታል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ለስላሳው እርሳስ ውሃውን ከብረቱ ያርቃል።

ድልድዩ በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1993፣ በክሮአት ኃይሎች ተደብድቦ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ጠላቂዎች ከወንዙ ያወጧቸው ድንጋዮች ክፉኛ ስለተጎዱ ለግንባታው አልዋሉም። አዲሶቹ የተጠረቡት ተነሊያ ከሚባለው ከዚያው ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ማያያዣውና እርሳሱም እንደ ቀድሞው ሆነ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመረቀ፤ በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። «ቅጂ ነው» የሚሉ አሉ። ድንጋዩ አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እርሳስ የማፍሰሱ ዘዴ ለአዳዲስ እጆች ተላልፏል፤ ለእኔ ያም ቅርስ ነው።

የሠሪው ጥበብ ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። የኦቶማኑ ታላቅ ግንበኛ ሲናን ለቬዚሩ ለመህመድ ፓሻ ሶኮሎቪች የሠራው፣ በዚያው በቦስኒያና ሄርዞጎቪና የሚገኘው የቪሼግራድ ድልድይ በድሪና ወንዝ ላይ በ11 ቅስቶች ቆሟል። ከበላዩና ከበታቹ የኃይል ማመንጫ ግድቦች ስላሉ የውሃው ከፍታ ይለዋወጣል፤ የምሰሶዎቹን እግር በውሃ ውስጥ ገብቶ መመርመር የግድ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቅ ድልድይ ከታች እየተሸረሸረ ሊሆን ይችላል።

እኔም ድልድይ ስመለከት የምጀምረው ከስንጥቁ ሳይሆን ከውሃው ነው። ዝናቡ በመንገዱ ንጣፍ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል ወይ? ማፍሰሻው ተደፍኗል? በመጋጠሚያው ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ አለ? እነዚህ ሳይስተካከሉ የቅስቱን ፊት ማሳመር ትርፉ ድካም ነው።

ሥራውን ሳስረክብ ብዙ ጊዜ «ዋስትናው ስንት ዓመት ነው?» እባላለሁ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ማፍሰሻውን በየዓመቱ የሚጠርገው፣ ችግኙን ሥር ሳይሰድ የሚነቅለው፣ ያለቀውን ኖራ የሚሞላው ማን ነው? ለዚህ የሚሆን ደመወዝ በበጀቱ ከሌለ፣ የእኔ ዋስትና ወረቀት ብቻ ነው።